መብረቅ የምትሰማው የምሳ ዕቃ

ሰውን ማወቅ የፈለገ የባትሪ ድንጋይ ሲገዛ ይየው። አንዱ ያለቁትን ሁለቱንም ጥሎ ሁለት አዲስ ይገዛል። ሌላው አንድ ብቻ ይገዛና ሁለተኛውን በጥርሱ ነክሶ፣ በመዳፉ አሽቶ ወደ ሪሞቱ ይመልሰዋል። ባሌ ከነካሾቹ ወገን ነው። እኔ ከፊት፣ ባንኮኒው ላይ፣ አምፖልና ሪሞት ስሸጥ እሱ ከጀርባዬ፣ ከመጋረጃው ኋላ፣ አንገቱን ደፍቶ ሰው ሁሉ ሞቷል ያለውን ሬዲዮ ሲያስነሳ ይውላል። «ይሄስ አልቆለታል፣ ባለቤቱ እርሙን ያውጣ» ስለው አይሰማኝም። የተበላሸ ነገር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። ራሱ ያበላሸው ሲሆን ደግሞ እንቅልፍ የለውም፤ ችግሩ ግን መጠገን እንጂ አበላሸሁ ማለትን አያውቅበትም።

የባሌና የታናሽ ወንድሙ አባት የሞቱት ባሌ ገና ጢም ሳያበቅል ነው። እናታቸው፣ አማቴ ማለቴ ነው፣ ሰው ቤት ልብስ እያጠቡ ነው ሁለቱን ያሳደጓቸው። ጠዋት ሲወጡ የታናሹን እጅ ለታላቁ ያስይዙና «አደራ» ይላሉ። ማታ ሲመለሱ ልጁን ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ አገላብጠው አይተው ይረከባሉ። ጉልበቱ ተልጦ ከተገኘ የሚጠየቀው ታላቁ ነው። ከዚያ የተነሳ ይመስለኛል፣ ባሌን ሰነፍ ቢሉት ይስቃል፣ ቀርፋፋ ቢሉት ይስቃል፤ «አደራ በላ» የሚል ቃል ግን በጨዋታ መሃል እንኳ ከተነሳ ፊቱ ይጠቁራል።

ታናሽየው ሲያድግ ድመት ሆኖ አረፈው። ግድግዳ ሲወጣ በእጁ ይሁን በእግሩ አይታወቅም። ሰፈሩ ስሙን ትቶ «ድመቱ» አለው፣ እኔም የመጣሁ ሰሞን ሌላ ስም ያለው አልመሰለኝም ነበር። ሁለቱ አብረው ዲሽ መስቀል ጀመሩ። የዚህ ሥራ ወጉ የታወቀ ነው፦ አንዱ ጣሪያ ላይ ዲሹን ያዞራል፣ ሌላው ሳሎን ቴሌቪዥኑ ፊት ይቆምና በመስኮት «ወደ ቀኝ፣ ትንሽ መልሰው፣ በቃ እሰረው» እያለ ይጮኻል። ላይ ያለው ምስሉን አያይም፣ ታች ያለው ሰማዩን አያይም። ላይ የሚሆነው ሁልጊዜ ድመቱ ነው። ታዲያ እሱ ለሰማይ ልዩ ዓይን ነበረው። ጠዋት ደጃፋችን ላይ ቆሞ ነፋሱን አሽትቶ «ዛሬ ከሰዓት አይሆንም» ካለ፣ አይሆንም። እኔ ልብስ የማሰጣው እሱን ጠይቄ ነበር።

ድመቱ ጣሪያ ላይ የተጎዳበትን ቀን እውነት እኔ የሰማሁት ዘግይቼ ነው፤ እናንተን ግን እንደ እኔ አላንከራትታችሁም፣ አሁኑኑ ስሙት።

ፎቅ ቤት ላይ ዲሽ ይሰቅላሉ። የቤቱ ሰዎች ሥራ ገብተዋል፣ ቁልፍ የሰጣቸው ጥበቃው ነው። ድመቱ ከጣሪያ ተጣራ፦ «ጋሼ፣ ሰማዩ እያጉረመረመ ነው፣ ልውረድ።» ባሌ ምስሉ መምጣት ጀምሮለት ነበርና «ሩቅ ነው፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ግፋው» አለው። ድመቱ ገፋውና እንደገና ተጣራ። አሁን ጠንከር ብሎ ነው፣ «ጋሼ፣ ይሄ አይሆንም፣ እንውረድ» አለ። ባሌ ደግሞ ሳቅ እያለ እንዲህ ብሎ መለሰለት፦

«አንተ ድመት ነህ አይጥ? እሰረውና ትወርዳለህ።»

ድመቱ ሊያስር ጎንበስ እንዳለ መብረቁ ወረደ። ዲሹን አይደለም የመታው፣ አጠገቡ ያለውን የውኃ ታንከር ነው ይላሉ። ልጁ ግን ከቆመበት ተወርውሮ እዚያው ጣሪያው ላይ ወደቀ።

ሐኪም ቤት አማቴ የደረሱት የግራ ጫማቸውን በቀኝ እግራቸው አድርገው ነው። ልጄ እንዴት ነው አላሉም። ባሌን ደረቱ ላይ ይዘው «አደራዬን ምን አደረግከው?» ነው ያሉት። እሱም «ውረድ ብዬው ነበር፣ እምቢ አለኝ» አለ። አስቦበት አይደለም፣ አፉ ነው የቀደመው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ወጣ፣ አለቀ። ልጁ ሲነቃ እውነቱን ይናገራል፣ ያኔ እኔም እሰደባለሁ፣ እገላገላለሁ ብሎ አልጋው ሥር ተቀምጦ ጠበቀ። ድመቱም ነቃ። የግራ ጆሮው አይሰማም፣ የግራ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ የዚያን ቀን ነገር ግን ከአእምሮው ተጠርጎ ወጥቷል። የሚያስታውሰው የዋዜማውን ማታ ነው። አማቴ ጎንበስ ብለው፣ እያለቀሱ፣ «ታላቅህ ውረድ ሲልህ ለምን እምቢ አልከው?» አሉት። ልጁ የማያውቀውን ጥፋት አምኖ፣ በሚንቀጠቀጥ እጁ እጃቸውን ይዞ «አጥፍቻለሁ እማዬ፣ ይቅር በይኝ» አለ። ባሌ እዚያው ቆሟል። ግድግዳውን ተደግፎ እያየ ዝም አለ። እኔም አጠገቡ ነበርኩ፤ ለወንድሙ ያዘነ መስሎኝ ጀርባውን አሻሸሁት።

ከዚያ በኋላ ድመቱ በእግሩ ቆመ፣ ሥራም ልጀምር አለ፤ አንድ ነገር ግን እንደ ጆሮው ሳይመለስ ቀረ። ራሱን ማመን ተወ። ለካስ ሰው ምክር የማይሰማ ግትር ነኝ፣ የራሴን ነፍስ ለመጠበቅ እንኳ የማልበቃ ነኝ ብሎ ተቀበለ። ሰማይ ቀና ብሎ ማየቱን ትቶ «ጋሼ፣ ምን ይመስልሃል?» ማለት ጀመረ። ሸሚዝ ሊገዛ «ጋሼ፣ ምን ይመስልሃል?» አንዲት መልካም ልጅ ወዳው ነበር፣ እሷንም «እኔ ራሴን ያልጠበቅኩ ሰው አንቺን እንዴት እጠብቃለሁ» ብሎ አሰናበታት። ሱቃችን ለሚመጣው ሰው ሁሉ ታሪኩን በራሱ ላይ እየቀለደ ያወራል፦ ጋሼ ውረድ ሲል፣ እኔ ደንቆሮው እምቢ ስል፣ መብረቁም ደንቆሮነቴን በማስረጃ ሲያጸናልኝ። ሰው ይስቃል። ባሌ ይነሳና መጋረጃው ኋላ ገብቶ የሚበየድ ነገር ሳይኖረው የመበየጃ ብረቱን ይሰካል። ጭሱ ይሸተኛል። «ምን ልትበይድ ነው?» ስለው «አንድ ነገር» ይለኛል።

ያ አንድ ነገር በኋላ ተገኘለት። መብረቅ ከሩቅ የሚሰማ መሣሪያ እሠራለሁ ብሎ ተነሳ።

ነገሩ እንደሚመስለው ጥንቆላ አይደለም። ድሮ ሬዲዮ ስንሰማ፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል በመሃል «ጠሽ፣ ጠጠሽ» የሚል ድምፅ ገብቶ ወሬውን ያበላሽብን አልነበር? እሱ መብረቁ ነው። መብረቅ በወረደ ቁጥር ሬዲዮ የሚይዘው ዓይነት ሞገድ ይረጫል፤ ነጎድጓዱን ጆሯችን ከመስማቱ፣ ደመናው ከመድረሱ በፊት ሬዲዮ ይሰማዋል። ባሌ ከአሮጌ ሬዲዮ ውስጥ ሽቦ የተጠቀለለባትን ጥቁር ዘንግ አወጣ። ጣቢያ በሌለበት፣ ጸጥ ባለው የሞገድ ጥግ ላይ አስተካከላት። አጠር ያለ ሽቦ አንቴና ብሎ ቀጠለላት፣ ጠሽታውን የሚያጎለብቱ ትራንዚስተሮች ደረደረላት፣ ጫፏ ላይ ቀይ መብራትና ከተጣለ የበር ደወል የነቀላትን መጮኺያ አሰረ። ጠሽ ባለ ቁጥር መብራቷ ብልጭ፣ ደወሏ ጭርር እንድትል ነው። ይህ ሁሉ የገባው የት እንደሆነ ጠይቁኝ። በእኔ የምሳ ዕቃ! ክዳኗ በደንብ የሚገጥም ፕላስቲክ የምሳ ዕቃ ነበረችኝ፣ እኔ ምሳዬን በፌስታል መቋጠር ጀመርኩ። ቀንም ማታም ከእሷ ጋር ስለሆነ ስሟን «ጣውንቴ» አልኳት። «ጣውንቴ ዛሬ እንዴት አደረች?» ስለው ፈገግ አይልም። ለቀልድ የሚሆን ቦታ አልነበረውም።

ሲፈትናት የወጥ ቤቴን የጋዝ ምድጃ መለኮሻ ይወስዳል፤ አጠገቧ ቀጭ ሲያደርግ ብልጭታው ለእሷ ትንሽ መብረቅ ነውና ትጮኻለች። እንግዲህ ችግሩም ከዚሁ መጣ። ለእሷ ብልጭ ያለ ሁሉ መብረቅ ነው። ጎረቤታችን ጸጉር አስተካካዩ ቶንዶሱን በሰካ ቁጥር ጭርር። ሞተር ሳይክል ባለፈ ቁጥር ጭርር። ባሌ ደግሞ ገና ሳያጣራ ወደ መንገድ ሮጦ ይወጣና ድመቱ ወደሌለበት ጣሪያ ሁሉ ቀና እያለ «ውረድ! ውረድ!» ይላል። አስተካካዩ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ይወጣና፣ እኔ አንድ ራስ በላጨሁ ቁጥር መብረቅ የሚወርድ ከሆነ ደንበኞቼ ይሸሹኛል ይላል። ሰፈሩ ባሌን «መብረቁ» ብሎ ሰየመው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ እሱ አልሰማም። እኔ ግን ሰምቻለሁ፣ ተናድጃለሁም። አንድ ቀን ለአስተካካዩ፣ ወንድሙን የሚወድ ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው፣ አንተ ለማን እንዲህ ሆነህ ታውቃለህ ብዬ አፉን አስያዝኩት። እንዲያ ስል ባሌ ከመጋረጃው ኋላ ይሰማኝ ነበር። ያን ቀን ምሳውን አልበላም።

ቀስ በቀስ አስተካከላት። ከኤሌክትሪክ መስመሩ አራቃት፣ አንቴናዋን አሳጠረ፣ አንዴ ብልጭ ቢል ዝም ብላ ሲደጋገም ብቻ እንድትጮኽ አደረጋት። ማንገቻ ቀጠለላትና ድመቱ ጣሪያ ሲወጣ አብራው እንድትወጣ ሆነ። ሰማዩ ገና ጥርት ብሎ ሳለ የጮኸችበት ቀን መጣ። ድመቱ ወረደ። ሁለቱ ደረጃው ሥር ተቀምጠው ብዙ ጠበቁ፣ ድመቱ መሳቅ ጀምሮ ነበር፤ ከዚያ ከተራራው ወዲያ ነጎድጓዱ መጣ። ድመቱ ወደ ሱቅ ሲመለስ ያቺን የምሳ ዕቃ እንደ ሕፃን አቅፏት ነበር።

አማቴ ይህን ሰምተው ሱቅ ድረስ መጡ። ያኔ ሕመማቸው ጀምሯቸዋል፣ እኔ ነኝ ከመኪና ያወረድኳቸው። ጣውንቴን ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው አገላብጠው አዩዋት፣ ያ ድሮ ልጁን ሲረከቡ የሚያዩት አስተያየት ነው። ከዚያ የባሌን ራስ ሳብ አድርገው ግንባሩን ሳሙትና «አደራዬን ጠበቅክልኝ። እኔ ብሞትም አይቆጨኝ» አሉት። ባሌ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ። ሁላችንም ጠበቅነው። ከዚያ ሆዴን ቆረጠኝ ብሎ በጓሮ ወጣ። ሲያስመልሰው ከዚህ ይሰማን ነበር። አማቴ «ደክሞት ነው ልጄን» አሉ። እኔም አዎ አልኩ።

ብዙም አልቆዩ፣ አረፉ። መጨረሻቸው ላይ ድመቱን አስጠርተው ያሉት ቃል አጭር ነው፦ «ከእንግዲህ ወንድምህን ስማው።» ይህን እኔም ሰምቻለሁ፣ ባሌም ሰምቷል። በለቅሶው ሰው ሁሉ ባሌን ሲያጽናና «አንተስ እናትህ መርቀውህ ነው የሞቱት» ይለዋል። እሱ በሰው ሁሉ ፊት ራሱን ግድግዳው ላይ ሲመታ አንስተን ያዝነው። ሐዘን መስሎን ነበር። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው።

ድመቱ የእናቱን ቃል ሕግ አደረገው። ባሌ ውጣ ሲለው ይወጣል፣ ውረድ ሲለው ይወርዳል፣ ባሌ በማይኖርበት ጊዜ ደግሞ ጣውንቴ የባሌ አፍ ሆነች። እሷ ካልጮኸች ሰማዩ ቢከፈት አይነቃነቅም። አንድ ቀን ልብስ ላሰጣ ወጥቼ እንደ ድሮዬ «ዛሬ ይዘንባል እንዴ?» ብዬ ጠየቅኩት። ቀና አላለም። «ጣውንትሽን ጠይቂያት እትዬ፣ እኔ ምን አውቃለሁ» አለኝ። እየቀለደ ነው ብዬ ሳቅኩ።

እንግዲህ መብረቅ የደረሰበት ሁለተኛው ጣሪያ ሲመጣ ነገሩ እንዲህ ነበር። ከሁለቱም አፍ ሰምቼ ያጋጠምኩት ነው።

ሕንጻው ረጅም ነው፣ ነፋስ አለ። ባሌ እንደ ወትሮው ታች ሳሎን ቴሌቪዥኑ ፊት ነው። ጠዋት ሱቅ ላይ ድመቱ ጣውንቴን ከእጁ ሊጥላት ሲል ባሌ ተቆጥቶት ነበር፤ አንዴ ከወደቀች የውስጧ ሽቦ ይነቀላል፣ ተጠንቀቅ ብሎታል። ድመቱ ታዲያ ነፋሱ እንዳይጥላት ብሎ ለእሷ ተጠንቅቆ፣ ከነማንገቻዋ የብረት መፍቻ ሳጥኑ ውስጥ አስገብቶ ክዳኑን ዘጋባት። ለሬዲዮ ሰው ይህ ጆሮን እንደ መድፈን ነው፤ በብረት የተዘጋ ነገር ምንም ሞገድ አይሰማም። ባሌ ይህን ያውቃል። ለድመቱ ግን ነግሮት አያውቅም። መብረቅን የሚመለከት ወሬ ከወንድሙ ጋር ረዘም አድርጎ ማውራት ስለማይችል፣ ስትጮኽ ውረድ ብቻ ነበር ያለው።

ባሌ ፊት የነበረው ምስል ቁርጥርጥ ማለት ጀመረ። በመስኮት «ነካካኸው እንዴ?» አለ። «አልነካሁትም» የሚል መልስ መጣ። ምስሉ ጨርሶ ጠፋ። ዲሽ ሳይነካ ምስል የሚጠፋው ከባድ ደመና ሲመጣ ነውና ባሌ መጋረጃውን ገልጦ አየ። ቀኑ ጠቁሯል። ደረጃውን እንዴት እንደወጣው አያስታውስም። ሲደርስ ድመቱ የዲሹን ምሰሶ በሁለት እጁ አቅፎ ቁጢጥ ብሏል፣ ፊቱ አመድ መስሏል፣ ሰማዩ ከራሱ በላይ ይበራል።

«ለምን አልወረድክም?» አለው ባሌ።

«ጣውንቴ አልጮኸችማ» አለ ድመቱ።

«ሰማዩን አታየውም?»

«አየዋለሁ ጋሼ። ልቤ ውረድ ውረድ ይለኛል። ግን የእኔን ልብ ምኑን አምነዋለሁ?»

ባሌ በአንድ ክንዱ እሱን፣ በሌላው የመፍቻ ሳጥኑን አንጠልጥሎ ወረደ። ደረጃው ላይ ሳሉ ከኋላቸው መብረቁ ጣሪያው ላይ ሲወርድ ሰሙት፣ የሕንጻው መብራት ሁሉ ጠፋ። ባሌ ጣውንቴን ፍለጋ ሳጥኑን ከፈተ። ጣውንቴ ከብረቱ እንደወጣች መጮኽ ጀመረች፣ አላቆመችም። ድመቱ አይቷት፣ ሳጥኑን አይቶ፣ «ዘጋሁባት እንዴ? አየህ፣ አሁንም እኔው ነኝ ያጠፋሁት» አለ።

ሱቅ ሲመለሱ ሁለቱም ውኃ ሆነዋል። ፎጣ ልሰጣቸው ስነሳ ባሌ በእጁ ከለከለኝ። በሩን ዘጋና ድመቱን የእኔ ወንበር ላይ አስቀመጠው፣ እሱ ግን ቆመ። እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ባንኮኒውን ያዘ።

«ያን ጊዜ ውረድ ያልኩህ እኔ አይደለሁም» አለ። «እንውረድ ያልከው አንተ ነህ። ሁለት ጊዜ ነው ያልከው። እኔ ነኝ እሰረው ያልኩህ። አይጥ ነህ ወይ ብዬ ሳቅኩብህ። ለእማዬ ዋሸኋት። አንተ ስትነቃ ታጋልጠኛለህ ብዬ ነበር፣ አንተ ግን ረሳኸው፣ እኔም ዝም አልኩ።»

እኔ ምን ተሰማኝ? ልደብቃችሁ አልችልም፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። ጀርባውን ያሻሸሁበት፣ ከአስተካካዩ ጋር የተጣላሁበት፣ ጓሮ ሲያስመልሰው ውኃ ያቀበልኩበት ሁሉ በአንዴ ትዝ አለኝ። ከዚያ ፊቱን አየሁት፤ እንዲህ ያለ ፊት ይዞ ስንት ጊዜ አብሮኝ ምሳ እንደበላ ሳስብ አዘንኩለት። ንዴቱ ግን አልወጣም። አሁንም አለ።

ድመቱ ደህናውን ጆሮውን ወደ ባሌ አዙሮ፣ የሚቀጥል ነገር ያለ ይመስል ጠበቀ። ስለ ጆሮው ይናገራል፣ ስለ እጁ ይናገራል ብዬ ነበር። ወይም ስለዚያች ልጅ። እሱ ግን የጠየቀው ሌላ ነው።

«እማዬን ይቅር በይኝ ያልኳት ለዚህ ነው?»

ባሌ አንገቱን ነቀነቀ፣ አዎ ማለቱ ነው።

«ወንድምህን ስማው ብላኝ ሞተች» አለ ድመቱ። «እኔም ሰማሁህ።»

ተነሳ፣ የብረት ሳጥኑንም ጣውንቴንም እዚያው ትቶ በዝናቡ ወጣ። ባሌ ሊከተለው ሲል አስቀረሁት። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላልና ምንም አልጨመርኩበትም፤ ፎጣውን ወርውሬለት ወደ ቤት ሄድኩ።

ድመቱ ለጥቂት ጊዜ ጠፋ። ባሌ ሥራ አልተቀበለም፣ ሬዲዮ የሚያመጣውን ሁሉ ነገ ና እያለ መለሰ። መጋረጃው ኋላ ተቀምጦ የበሩን ድምፅ ያዳምጣል። ከዚያ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ድመቱ ገባ። ለእኔ «እንደምን ዋልሽ እትዬ» አለኝ፣ ለእሱ ሰላምታ የለውም። ወንበር ስቦ፣ ደህናውን ጆሮ ወደ እሱ አድርጎ ተቀመጠ።

«ንገረኝ» አለው። «እኔ ያን ቀን የለኝም፣ አንተ ጋ ነው ያለው። መጀመሪያ ምን አልኩ?»

ባሌ ነገረው። ሰማዩ እያጉረመረመ ነው፣ ልውረድ አልክ።

«ድምፄ እንዴት ነበር?»

«የተረጋጋ ነበር።»

«ሁለተኛስ?»

«ሁለተኛ ጠንክረህ ነው የተናገርከው። ይሄ አይሆንም አልክ።»

«ፈርቼ ነው?»

«አይደለም። አውቀህ ነው።»

ድመቱ የግራ እጁን ቀኙ ላይ ጭኖ፣ ስለማያውቀው ሰው ደግ ወሬ እንደሚሰማ ሰው አዳመጠው። ሲጨርስ፣ ከመጀመሪያው ድገምልኝ አለው። ባሌ ደገመለት። የሳቀበትንም አልዘለለም፣ ሊዘል ሲል ድመቱ «ከዚያ አንተ ምን አልክ?» ይለዋል።

ይኸው እስከ ዛሬ እንዲህ ናቸው። ሥራ ጀምረዋል፣ አሁን ጣሪያ የሚወጣው ባሌ ነው። ሰውነቱ ከብዶ መሰላሉ ላይ ሲያለከልክ ላየው ያሳዝናል። ድመቱ ታች ሆኖ ቴሌቪዥኑን ያያል፣ በየመሃሉም ደጅ ወጥቶ ቀና ይልና ነፋሱን ያሸታል። «ውረድ» ካለው ባሌ የያዘውን ብሎን ሳያጠብቅ ይወርዳል። እኔም ልብስ የማሰጣው ድመቱን ጠይቄ ነው፣ ይነግረኛል፣ አልተሳሳተም። ከሥራ ውጪ ሁለቱ አይጫወቱም። አብረው አይበሉም።

በየጊዜው ግን በምሳ ሰዓት ይመጣል፣ ወንበሩን ይስባል፣ ንገረኝ ይላል። ባሌ አንድ ቃል ሳያጎድል ይነግረዋል። አስተካካዩ ካለ አስተካካዩ ፊት፣ ደንበኛ ካለ ደንበኛ ፊት። መጨረሻ ላይ ድመቱ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ መልሱን ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም።

«እማዬ ይህን ሳትሰማ ነው የሞተችው፣ አይደል?»

ባሌ «ሳትሰማ ነው» ይለዋል። ድመቱ ወንበሩን ወደ ቦታው መልሶ ይሄዳል።